ባሌት ለሴቷ፣ ድራማ ለዓይን አፋሩ? ከመመዝገብሽ በፊት ክፍሉን እዪው

ጥያቄው አጠር ሲል እንዲህ ነው፦ «ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 6 ዓመቷ ነው፤ ሙዚቃ ከሰማች አርፋ አትቀመጥም። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ገብቶ ይደበቃል። ሰፈራችን ውስጥ አዲስ ማሠልጠኛ ተከፍቷል። ባሌት፣ ዘመናዊ ዳንስ፣ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ድራማና ሞዴሊንግ በ2 ወር አስተምረን ሰርተፍኬት እንሰጣለን ይላሉ። ሴቷን ባሌት፣ ወንዱን ደግሞ ዓይን አፋርነቱ እንዲለቀው ድራማ ላስገባቸው አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን ‹ትምህርታቸውን ይማሩበት፣ አዝማሪ ልታደርጊያቸው ነው እንዴ?› ይላል። ዘግይቼባቸው ይሆን? ምን ትመክሩኛላችሁ?» አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ።

አልዘገየሽም። 6ም 9ም ለመጀመር ጥሩ ዕድሜ ነው፤ 13ም ቢሆን አልመሸም። «በ5 ዓመቱ ያልጀመረ አለቀለት» የሚባለው ወሬ የመጣው ከባሌትና ከቫዮሊን ሰዎች ነው። እነሱም ቢሆኑ የሚያወሩት ነገሩን ሙያው ሊያደርገው ስለተነሳ ልጅ ነው። እኛው ጋ በ1988 ዓ.ም. ገደማ አዱኛ የሚባለው የዳንስ ቴአትር ሥልጠና ሲጀመር የተሰበሰቡት ከጎዳና የመጡና ኑሮ የከበዳቸው ልጆች ነበሩ። በ5 ዓመቱ ባሌት ቤት የተመዘገበ በመካከላቸው አልነበረም። ከነሱ ውስጥ ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በኋላ ዴስቲኖ የሚባል የዳንስ ቡድን አቋቁመው ውጭ ሀገር መድረክ ድረስ ሠርተዋል። ስለዚህ ችኮላውን ተዪው። የሚቸኩል ወላጅ ደግሞ ያገኘው ቦታ ላይ ነው የሚከፍለው።

አሁን ወደ ሴቷ። ለ6 ዓመት ልጅ ባሌት ማለት አንቺ በቴሌቪዥን የምታዪው ነገር አይደለም። ዋናው ቴክኒክ፣ ያ እግር ከዳሌ ወደ ውጭ ዞሮ ጀርባ ቀጥ የሚልበት፣ አብዛኛውን ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ሳይሞላ በቁም ነገር አይጀመርም። ከዚያ በታች ላለች ልጅ ሥራውን የሚያውቅ አስተማሪ የሚሰጣት መሮጥ፣ መዝለል፣ ድርቅ ብሎ መቆም፣ የከበሮው ምት ሲቀየር እርምጃ መቀየር ነው። እናት ገብታ ስታይ «ይሄን ለማየት ነው እንዴ የከፈልኩት?» ትላለች። አዎ፣ ለሱ ነው። በተቃራኒው ገና በወሩ ስፕሊት፣ ማለትም እግርን ግራና ቀኝ ዘርግቶ መሬት ድረስ መውረድ፣ የምታስወርድ አስተማሪ ወላጅን ደስ ታሰኛለች፣ የልጁን ጅማት ግን ትጎዳለች። አሠልጣኙ የልጅን ትከሻ ወይም ወገብ ተጭኖ ወደ ታች ሲገፋ ካየሽ፣ ልጅቷ እያለቀሰች «ትለምደዋለች» ከተባልሽ፣ ይዘሻት ውጪ። የምዝገባው ብር ይቅርብሽ። በጣት ጫፍ የሚያስቆመው ጫማ ደግሞ ከ11 እና 12 ዓመት በፊት አይታሰብም፤ ያኔም ቢሆን ዓመታት ለተለማመደች ብቻ ነው፣ የእግር አጥንት እስከዚያ ገና እያደገ ነውና።

ለሷ የምመክረው የባህል ውዝዋዜ ነው። ይሄን የምለው ለሀገር ፍቅር ብዬ አይደለም፣ ለሰውነቷ ስለሚበጅ ነው። እስክስታ ትከሻንና አንገትን ከቀረው አካል ለይቶ ማዘዝ ያስተምራል፤ በዘመናዊ ዳንስ ዓመታት የቆዩ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ የሚቸገሩበት ነገር ነው። ጉራጊኛው እግርና ትንፋሽ ነው፤ ጉልበቷ አያልቅም የምትያትን ልጅ በጥቂት ደቂቃ ላብ በላብ ያደርጋታል። ወላይትኛው ወገብ ላይ ነው። ትግርኛው ክብ ሠርቶ ከበሮ መከተል ነው፤ ከፊትና ከኋላ ካለው ሰው ጋር ርቀት ጠብቆ መንቀሳቀስ የሚለመደው እዚያ ነው። እነዚህን ለአንድ ዓመት የቀመሰች ልጅ 8 ዓመቷ ላይ ባሌት ልግባ ብትል ጆሮዋም ሰውነቷም ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃታል። ደግሞ ልምምዱ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ሠርግ ላይ ታየዋለች፣ አያቷ «እንዲህ አይደለም» ብለው ተነስተው ያርሟታል። ይሄን ባሌት አይሰጥሽም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። የምሽት ቤት ውዝዋዜን፣ ከነአለባበሱና ከነዓይን ጥቅሻው፣ እንዳለ ለልጅ የሚያስተምሩ አሉ። የሚጠቀሙትን ዘፈንና ልብስ ቀድመሽ ጠይቂ።

ወንዱ ላይ ግን ሐሳብሽን እንድትቀይሪ ነው የምፈልገው። ዓይን አፋርነት ድራማ ገብቶ የሚለቅ በሽታ አይደለም። ዓይን አፋር ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ና ወደ ፊት፣ ራስህን አስተዋውቅ» ተብሎ 20 ልጅ ፊት ከቆመ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ሁለተኛ እዚያ ቤት ድርሽ አለማለት። እርግጥ ብዙ ጎበዝ ተዋናዮች ቤታቸው ውስጥ ዝምተኞች ናቸው። የሌላ ሰው ባሕርይ ለብሰው ሲወጡ ይቀላቸዋል። ግን ወደዚያ የሚሄደው ልጁ ራሱ ሲፈልግ ነው፣ እናቱ ልታክመው ስትፈልግ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚሆነው ዓይኑም እጁም ሥራ ላይ የሚሆንበት፣ ሰው እሱን ሳይሆን የሚሠራውን ነገር የሚያይበት ክፍል ነው።

ክራር አንዱ ነው። 5 ወይም 6 ክር አለው። ትዝታ ወይም ባቲ በሚባለው ቅኝት ከተቃኘ በኋላ እያንዳንዱ ክር የዚያው ቅኝት ድምፅ ነው፤ ልጁ የትኛውን ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ሌሎች ልጆች መሀል ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከነሱ ጋር እኩል እየመታ አንድ ሰዓት ያሳልፋል፤ ማንም ትክ ብሎ ሳያየው የቡድን ሰው ይሆናል። ማሲንቆ ከባድ ነው፤ ክሩ አንድ ነው፣ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚነግርሽ ምልክት የለውም፣ ሁሉም በጆሮ ነው። ዋሽንት ገና ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ለትንሽ ልጅም ትንፋሽ ያጥረውና ራሱን ያዞረዋል። በገና ግዙፍም የጸሎት መሣሪያም ነው፣ ይቆይ። ጊታር ካማረው የናይለን ክር ያለውና ለቁመቱ የሚሆን አነስ ያለ ይሁን፤ የብረቱ ክር ጣቱን አሳምሞት በሁለተኛው ሳምንት ያስተወዋል።

ሁለተኛው አማራጭ ሰርከስ ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ገደማ ከተጀመረ ወዲህ በጅማ፣ በመቀሌና በናዝሬትም ተከትለው የተነሱ ቡድኖች ነበሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ፈካት ሰርከስ ስሙ የታወቀ ነው። ሰው ሰርከስ ሲባል ሰው ትከሻ ላይ መቆም ይመስለዋል። ጀማሪ የሚማረው ግን ኳስ መወርወርና መቅለብ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ በፍራሽ ላይ መገልበጥ ነው። ኳስ የሚቀልብ ልጅ ማን እንዳየው ለማሰብ ጊዜ የለውም። የአሻንጉሊት ቴአትር የሚያስተምር ካገኘሽማ ለሱ ከሁሉም ይሻላል፤ መጋረጃ ኋላ ሆኖ የፈለገውን ይለፈልፋል። እና እባክሽ፣ ምንም ነገር ቢጀምር እንግዳ ሲመጣ «ና እስቲ አሳያቸው» እንዳትዪው። ብዙ ልጅ ክራሩን የሚሰቅለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ማሠልጠኛው። 6 ዓይነት ሙያ በ2 ወር አስተምሮ ሰርተፍኬት የሚሰጥ ቤት መጥፎ ነው ብዬ ሳላይ አልፈርድም። ክረምት ላይ ልጅን ከስልክ የሚያላቅቅ ቦታ ራሱ ጥቅም አለው። ግን ሰርተፍኬቱ ለልጅሽ የትም በር አይከፍትም፣ እሱን ከሒሳቡ አውጪው። ሞዴሊንጉን ደግሞ ጨርሶ ተዪው። የ6 ዓመት ልጅ ሊፒስቲክ ተቀብታ ወገቧን ይዛ መሄድ ምን እንደሚያስተምራት እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። «ማስታወቂያ ላይ እናሠራቸዋለን» ካሉሽም ውሉን በጽሑፍ አሳዩኝ በይ፤ ልጅሽ እንድትታይ አንቺ ብር የምትከፍዪበት «ዕድል» ዕድል አይደለም።

ከሙያው ዓይነት ይልቅ የሚወስነው ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። ስለዚህ ሳትመዘገቢ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ እዪ። እንዳትገቢ የሚከለክል ቤት መልሱን ሰጥቶሻል። «ወላጅ ካለ ልጆቹ ይረበሻሉ» ሊሉሽ ይችላሉ። ለሁልጊዜ ከሆነ እውነት አላቸው፤ ለአንድ ቀን ግን ሰበብ ነው።

ጥሩ የልጆች ድራማ ክፍል ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ልጆቹ ጫማ አውልቀው በክብ ቆመዋል። እያንዳንዱ ስሙን ሲናገር አንድ እንቅስቃሴ ይጨምርበታል፣ ሌሎቹ በሙሉ ይደግሙለታል። መናገር ያልፈለገው ትከሻውን ብቻ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ እሱም እንደሌላው ይደገምለታል፣ ማንም አይስቅም። ከዚያ ክፍሉን እየዞሩ ይሄዳሉ። አሠልጣኟ ድምጿን ሳትጨምር «ጭቃ ውስጥ ናችሁ» ትላለች። «ታክሲ ሊያመልጣችሁ ነው።» «እናታችሁ ተኝታለች፣ ኩሽና ገብታችሁ ዳቦ ልትሰርቁ ነው።» በዚህ መሀል አንዱ ወንበር ገጭቶ ያንኳኳል፣ ክፍሉ በሙሉ ባለበት ድርቅ ይላል። ማንም አላዘዛቸውም፣ «እናታቸው» እንዳትነቃ ነው። ትወና ማለት እሱ ነው፣ አንድ መስመር እንኳን ሳይሸመደድ።

ሌላኛውን ክፍል ደግሞ ታውቂዋለሽ። ልጆቹ በሰልፍ ናቸው። ስፒከሩ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ ይጨፍራል፣ የቻለ ይከተላል፣ ያልቻለ ከኋላ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል። ፊት ለፊት ስልክ ተተክሏል፣ ለቲክቶክ። ሁለት ጎበዞች ሁልጊዜ ከፊት ናቸው፣ ለቪዲዮው ስለሚያምሩ። ልጅሽ እዚያ 2 ወር ብትቆይ አንድ ጭፈራ ታውቃለች፤ ያንን ጭፈራ ዩቲዩብም ይሰጣት ነበር።

ቁጭ ብለሽ ስታዪ ወለሉንም እዪው። ሰፈር ውስጥ ያሉት ክፍሎች ብዙዎቹ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ናቸው። እዚያ ላይ በየሳምንቱ የሚዘል ልጅ ቁርጭምጭሚቱንና የቅልጥሙን ፊት ያመዋል፣ በካልሲ ከሆነ ደግሞ ይንሸራተታል። ጣውላ ወይም ወፈር ያለ ላስቲክ ይሻላል። ሰርከስ ከሆነ ፍራሽ ከሌለ ነገሩ አለቀ፣ አትከራከሪ። 6 ዓመት ለሆናት ልጅ 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ሁለት ሰዓት የሚያቆዩ ቤቶች ግማሹን ጊዜ ልጆቹን እየጮሁባቸው ነው የሚያሳልፉት። አንድ አሠልጣኝ ከ10 እስከ 12 ልጅ ቢይዝ ጥሩ ነው፣ 20 ከሆኑ ረዳት ያስፈልጋል። መዝሙር ወይም ዘፈን የሚያስጮኽ ክፍል ከሆነ የልጁን ድምፅ ተከታተዪ፤ መጎርነኑ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው።

ደኅንነቱ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ከአሠልጣኝ ጋር ብቻውን በር ተዘግቶ የሚማር ልጅ መኖር የለበትም፤ የግል የፒያኖ ትምህርትም ቢሆን በሩ ገርበብ ብሎ ይሁን። ልብስ የሚቀየርበት ቦታ የት ነው? መጸዳጃ ቤት ማን ይወስዳቸዋል? ሲያልቅ ለማን ነው የሚያስረክቡት? ቪዲዮ ማን ይቀርጻል፣ የት ይለጠፋል? እነዚህን ስትጠይቂ ፊቱ የሚቀያየር ባለቤት ካጋጠመሽ ሌላ ቤት ፈልጊ። ለልጆችሽም ሰው እንዴት አድርጎ ሲነካቸው ሰውነት ለማስተካከል እንደሆነ፣ እንዴት ሲሆን መጥተው ሊነግሩሽ እንደሚገባ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ዳንስ መንካት ያለበት ሙያ ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱን ማወቅ አለባቸው።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ላስገባቸው ብለው የሚጠይቁኝ ወላጆችም አሉ። ያሬድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የዲግሪ ተቋም ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ መደበኛ ተማሪ አይሆንበትም። ላንቺ የሚጠቅምሽ ተመራቂዎቹ ናቸው። ብዙዎቹ በየሰፈሩ ያስተምራሉ። የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ጥበባት ተመራቂዎችም እንዲሁ። አሠልጣኙን «የት ተማርክ?» ማለት ነውር አይደለም። ግን ዲግሪ ብቻውን ልጅ ማስተማር አያስችልም። ጎበዝ ፒያኒስት ሆኖ በ7 ዓመት ልጅ ፊት ትዕግሥቱ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅበት ሞልቷል። ስለዚህ ነው «ቁጭ ብለሽ እዪ» የምልሽ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ከሁለት ነገር አንዱ ላይ ልክ ነው። ትምህርታቸው ይጎዳል የሚለው ስጋት የሚመጣው ሰዓቱ ሲበዛ ነው። ማሠልጠኛዎች ደግሞ «ሙዚቃ ሒሳብ ያጎብዛል፣ አእምሮ ያሰላል» እያሉ ይሸጣሉ። ይሄ የተጋነነ ነው፤ በዚህ ተስፋ እንዳታስገቢያቸው፣ ባልሽንም በዚህ እንዳታባብዪው። የሚሰጠው ሌላ ነው። ተራ መጠበቅ፣ ሌላውን መስማት፣ አንድ ነገር ሳይሳካ ደግሞ መሞከር፣ በገዛ ሰውነት አለማፈር። በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ልጅ በቂ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ የተመዘገበ ልጅ የቤት ሥራውን ታክሲ ውስጥ ነው የሚሠራው።

«አዝማሪ» የሚለው ግን የቆየ ስድብ ነው፣ ሰውየውም ምናልባት ካባቱ የሰማውን ነው የሚደግመው። አንድ ነገር አስታውሺው። ከ40 ዓመት በላይ የሀገሩን ልጆች በቴሌቪዥን ተረት እየነገሩ ያሳደጉት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ እየሆኑ የተጫወቱ የቴአትር ሰው ነበሩ። ያኔም ይባል የነበረው ይሄው ነበር። ደግሞስ ልጆቻችሁ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ፣ ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ ማን ከለከላቸው? አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ምት በዱላ አለ፣ ተመልካች አለ፣ ሙልሙሉም የመግቢያ ዋጋ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙርና ከበሮ፣ በሙስሊም ቤትም መንዙማ አለ። ሰፈርሽ ያለው ሰንበት ትምህርት ቤት ጥሩ የመዝሙር ክፍል ካለው ለወንዱ ከክራሩ እኩል የሚታሰብ ነው፣ ያውም በነፃ። በኅብረት ሲዘመር ድምፁ የማን እንደሆነ አይለይም፤ እሱ ደግሞ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ የማያወላውል ምክሬ ይሄ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት ሁለቱንም ይዘሽ የልጆች ቴአትር የሚታይበት ቤት ግቢ። ስትወጡ «ወደዳችሁት?» አትበያቸው፤ የቱን ክፍል መልሰው እንደሚጫወቱት ቤት ውስጥ ተመልከቺ። ሴቷን የባህል ውዝዋዜ፣ ወንዱን ክራር ወይም ሰርከስ፣ እያንዳንዳቸውን አንድ ብቻ፣ ከቤት በእግር ወይም በአንድ ታክሲ በሚደረስበት ቦታ። ቅርበቱን አትናቂው። ልጅ የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ጠልቶት ሳይሆን ወላጁ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ታክሲ መያዝ ታክቶት ነው። ቦሌ ካለ ዝነኛ አሠልጣኝ ይልቅ ሰፈርሽ ያለ ደህና አሠልጣኝ ይሻላል።

መሣሪያ አሁን አትግዢ። ለ3 ወር በሚማርበት ቤት ክራር ይማር፤ ቤት ውስጥ «መቼ ነው የምትገዙልኝ?» እያለ ከጨቀጨቀሽ ያኔ ግዢ። ልብሱም እንዲሁ፣ ቲሸርትና ሱሪ በቂ ነው። ሲከፈል ወርሃዊውን ብቻ አትጠይቂ፤ ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ የመዝጊያው ዝግጅት ልብስ፣ እናንተ ለመግባት የምትከፍሉት ትኬት፣ ሁሉም ተደምሮ ስንት እንደሚሆን አስጽፊ። የመዝጊያው ቀን ላይ ነው ወላጅ የሚደነግጠው።

አንድ ተርም፣ ማለትም 3 ወር ገደማ ስጫቸው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ማልቀስና «አልሄድም» ማለት የተለመደ ነው፤ በር ድረስ አድርሺው፣ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ይችላል በዪው፣ አሠልጣኙም ይሄን ይወቅ። ከወር በኋላም ክፍሉ ባለበት ቀን ጠዋት ሆዴን አመመኝ የሚል ከሆነ ግን አስወጪው፤ ለምን እንደሆነም ረጋ ብለሽ ጠይቂው፣ ምናልባት ሙዚቃው ሳይሆን እዚያ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሲባል የብዙ ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ እንዳትሰጪ። ቅናሽ አለው ቢሉሽም በየወሩ ክፈዪ፣ ደረሰኝም ተቀበዪ።